የእንስላል ክሮሞሶም ጥናት፦ ምንነቱ፣ አሠራሩና ጥቅሙ

እንስላል ለምግብና ለአረቄ ማጣፈጫ እንዲሁም ለባህላዊ መድኃኒትነት የሚያገለግል ተክል ነው። ዲል ከሚባለው ተክል ጋር በቅጠሉ ስለሚመሳሰል አንዱ በሌላው ሊሳሳት ይችላል። የዘሩን ማንነት ለይቶ ማወቅ ለአምራቹም ሆነ ለገዢው ጠቃሚ ሲሆን፣ የክሮሞሶም ጥናት ለዚህ ከሚረዱ መንገዶች አንዱ ነው።

ክሮሞሶም በህዋስ አስኳል ውስጥ የሚገኝና የተክሉን የዘር መረጃ የሚይዝ አካል ነው። የእንስላል ህዋስ 22 ክሮሞሶሞች ማለትም 11 ጥንዶች አሉት። በዚሁ የተክል ቤተሰብ ውስጥ የሚመደበው ካሮት 18 ሲኖረው፣ ዲልና ድንብላል ግን እንደ እንስላል 22 አላቸው። በመሆኑም ቆጠራ ብቻውን እንስላልን ከካሮት እንጂ ከዲል አይለይም። ባለሙያዎች ከቁጥሩ አልፈው የእያንዳንዱን ክሮሞሶም ርዝመት፣ ሴንትሮሜር የሚባለው ጠባብ ክፍል የሚገኝበትን ቦታና የሁለቱን ክንዶች ምጣኔ የሚለኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ክሮሞሶሞች ጎልተው የሚታዩት ህዋስ በሚከፈልበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ዘሩ በእርጥብ ወረቀት ላይ እንዲበቅል ተደርጎ የለጋ ሥሩ ጫፍ ይቆረጣል። ጫፉ በቅድሚያ የህዋስ ክፍፍልን በሚገታ እንደ ኮልቺሲን ባለ ንጥረ ነገር ውስጥ ይነከራል። ቀጥሎም 3 እጅ አልኮልና 1 እጅ አሴቲክ አሲድ ባለው ድብልቅ ውስጥ ይቆያል። በመጨረሻም በአሲድ እንዲለሰልስና ቀለም እንዲይዝ ተደርጎ፣ በመስታወት መካከል ተጨፍልቆ በማይክሮስኮፕ ይታያል።

ምርመራ ማስደረግ የሚፈልጉ ተገልጋዮች የሚከተሉትን እንዲገነዘቡ ይመከራል፦

1. ጥናቱ ሕያው ሥር ስለሚፈልግ የተቆላ፣ የተፈጨ ወይም የመብቀል አቅሙን ያጣ ዘር አያገለግልም።

2. ከዘሩ ጋር አበባና ፍሬ የያዘ የተክሉን ናሙና ማቅረብ ውጤቱን ለማረጋገጥ ይረዳል። የዲል ፍሬ ጠፍጣፋና ዳሩ ክንፍ መሰል ሲሆን፣ የእንስላል ፍሬ ሞላ ያለና ጎድጎድ ያሉ መስመሮች ያሉት ነው።

3. የሀገር ውስጥ ዝርያን ለምርምር ለመውሰድ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። ማኅበረሰቦች እርስ በርስ በልማድ የሚያደርጉት የዘር ልውውጥ ግን በአዋጁ አይገደብም።