እሳት ለበላው ገላ መጀመሪያው መድኃኒት ውሃ ነው

ቀድሞ ሀገረ ሕይወት የተባለችው አምቦ ስሟ ሁልጊዜ ከውሃ ጋራ ይነሣል። ስለ ፍል ውሃዋ ብዙ ተብሏል፤ እኛ ግን ዛሬ በየቤቱ በእንስራ ስለሚቀመጠው ቀዝቃዛ ውሃ ጥቂት እናስታውሳለን።

ከአዲስ ዓለም እስከ ጊንጪ፥ ከአምቦም እስከ ጉደር፥ ምድጃው ከወለል በሆነበት ቤት የፈላ ጀበና ወይም የወጥ ድስት በሕፃን ላይ ሲገለበጥ ያጋጥማል። ያን ጊዜ ደግ ጎረቤት ቅቤ፥ ሊጥ፥ ጭቃም ይዞ ይሮጣል። አሳቡ በጎ ነው፤ ነገር ግን ቅቤው ትኩሳቱን በገላው ውስጥ ያፍነዋል፤ ሊጡና ጭቃውም ቁስሉን ያመረቅዙታል።

የሚገባውስ ይህ ነው። ሕፃኑን ከእሳቱ ማራቅ፤ አምባሩን ገላው ሳያብጥ ማውለቅ፤ ከቆዳው የተጣበቀውን ልብስ ግን አለመላጥ። ወዲያውም የተቃጠለውን ስፍራ 20 ደቂቃ ሙሉ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ፤ ቧንቧ የሌለው በጣሳ ደጋግሞ ያፍስስ። ቢዘገይም እንኳ፥ ከተቃጠለ 3 ሰዓት እስኪሞላው ድረስ ይጠቅማል። በረዶ አይደረግበት፤ ውሃ የቋጠረውም አይፈንዳ። የቀረው ገላ ብርድ እንዳይመታው ይሸፈን፤ ቁስሉም በንጹሕ ጨርቅ ላላ ተደርጎ ይሸፈን።

ከሕፃኑ መዳፍ የሰፋ፥ ወይም ፊትን፥ እጅን፥ እግርንና ኀፍረተ ሥጋን የነካ ቃጠሎ ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ይታይ። በ1927 ዓመተ ምሕረት የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ በ907 ስልክ ይጠራል።

የቤት ጌቶችና እመቤቶች ሆይ፥ ይህን ለወጥ ቤቶቻችሁና ለሞግዚቶቻችሁ አንብቡላቸው፤ ከእሳቱ አጠገብ የሚውሉት እነርሱ ናቸውና።