ተጨማሪ መረጃ፦ የሚመለስና የማይመለስ ገንዘብ

በአዋጅ ቁጥር 995/2009 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ 10 ቢሊዮን ብር ተመድቦለት ነበር፤ ይሁንና ገንዘቡ ብድር ስለሆነ ወጣቱ ሠርቶ ይመልሰዋል። ድጎማ ግን አይመለስም። ለምሳሌ የብሪታንያ መንግሥት በ2019 እ.ኤ.አ. «ዩዝ ኢንዶውመንት ፈንድ» ለተባለው ተቋም ለአሥር ዓመት የሚሆን 200 ሚሊዮን ፓውንድ ሰጠ፤ ዓላማውም በእንግሊዝና በዌልስ ልጆች ወደ ድብድብና ጥቃት እንዳይገቡ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን መደገፍ ነው። ከዚህ ተቋም ድጎማ የወሰደ ድርጅት በልዋጩ የሚጠበቅበት ፕሮግራሙ መሥራት አለመሥራቱን የሚያሳይ ማስረጃ ነው። በአንዳንዶቹ ፕሮግራሞች ወጣቶቹ በዕጣ ለሁለት ይከፈላሉ፤ ገሚሱ መካሪ ታላቅ ይመደብለታል፣ ገሚሱ የተለመደውን አገልግሎት ብቻ ያገኛል። ዕጣው ያልወጣለት ምን በደለ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ማነጻጸሪያ ከሌለ ልጁን የለወጠው ምክሩ ይሁን ዕድሜው መለየት ያስቸግራል።