አንድ መኪና፣ ሁለት ፓስፖርት
(የአንድ አስጎብኚ ማስታወሻ)

ሐረር ላይ አስጎብኚ ነኝ። ቦርሳቸውን በጀርባቸው አዝለው ሁለት ሁለት እየሆኑ የሚመጡ ወጣቶችን የጀጎልን በሮችና የጅቡን ትርኢት ካሳየኋቸው በኋላ አብዛኞቹ የሚጠይቁኝ ያው ነው፤ «ሐርጌሳ እንዴት ይኬዳል?»

መንገዱ አያስቸግርም። በባቢሌ አድርጎ፣ ካራማራን አልፎ ጅጅጋ፤ ከዚያ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ቶጎ ውጫሌ፤ ኬላውን በእግር ተሻግሮ በሌላ መኪና የሶማሌላንዷ ሐርጌሳ። ማልዶ የተነሳ ሰው ሳይመሽበት ይገባል። የአወዳይን ጫት የጫኑት መኪኖች ደግሞ የማንንም ማለዳ አይጠብቁም፤ ሁሉንም አቧራ አልብሰው ቀድመው ይደርሳሉ። የሚከብደው መንገዱ ሳይሆን ሁለት ሆኖ መሄዱ ነው።

ካቻምና ሁለት የልጅነት ጓደኛሞችን ይዤ ሄድኩ። በሆዴ አንዱን ረጅሙ፣ ሌላውን መነጽራሙ ብዬ ሰየምኳቸው። ከዚያ በፊት ታይላንድን ሁለት ወር አብረው ዞረዋል። «እኛ ተፈታትነን የጨረስን ነን» አሉኝ። አመንኳቸው።

በኋላ ሳስበው ግን የታይላንዱ ፈተና ቀላል ነበር። ባንኮክ፣ ካኦ ሳን መንገድ ላይ ርካሽ ማደሪያ ሞልቷል። ወደ ሰሜን፣ ወደ ቺያንግ ማይ የሌሊት ባቡር አለ፤ ወደ ደቡብ ደሴቶች አውቶቡስና ጀልባ አለ። ሁለት ጓደኛሞች ቢኳረፉ አንዱ ወደ ተራራው፣ አንዱ ወደ ባሕሩ ይሄዳል፤ ኩርፊያው ሲለቅ ይገናኛሉ። እዚያ መለያየት ዋጋው አንድ ቲኬት ነው።

ሐርጌሳ ላይ ሒሳቡ ሌላ ነው። እንግዶቼን ከሁሉ በላይ የሚስባቸው ላስ ጌል፣ ትርጉሙም የግመሎች የውሃ ጉድጓድ፣ ከከተማው ወደ በርበራ በሚወስደው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። እረኞቹ ድሮም ያውቁት ነበር፤ ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች ደርሰውበት ለዓለም ያስተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። አንገታቸው በጌጥ የተሸለመ ላሞችና ከሆዳቸው ሥር እጁን ዘርግቶ የቆመ ሰው፣ በቀይና በነጭ ቀለም፣ ሺህ ዓመታትን ተሻግረው ዛሬም ጉልህ ናቸው። እኛ ስንሄድ መኪና ተከራየን፣ ፈቃድ አወጣን፣ የታጠቀ ፖሊስ አሳፈርን። መኪናውና ፖሊሱ የሚከፈሉት በጉዞ እንጂ በሰው ቁጥር አይደለም። አንዱ «ዛሬ ደክሞኛል፣ ነገ እሄዳለሁ» ቢል ይህ ወጪ እጥፍ ይሆናል።

ገንዘቡም ሁለት ኪስ አያስኬድም። መንዛሪዎቹ የሶማሌላንድ ሽልንግን እንደ ጡብ ደርድረው መንገድ ዳር ይቀመጣሉ፤ 100 ዶላር የመነዘረ እንግዳ ሽልንጉን የሚይዘው በፌስታል ነው። የአገሬው ሰውማ የሻይ ሒሳብ ሳይቀር በስልኩ፣ ዛድ በሚባለው አገልግሎት ይከፍላል። ስለዚህ እንግዶቼን ፌስታሉን የሚይዝ አንድ ሰው እንዲመርጡ እነግራቸዋለሁ። የኛ ሲራራ ነጋዴዎች ያለ ነጋድራስ መንገድ አይጀምሩም ነበር። መነጽራሙ ነጋድራስ ሆነ።

ችግሩ የመጣው በሦስተኛው ቀን፣ ሻይ ስንጠጣ ነው። ስለ መልሱ መንገድ እያወራን የመነጽራሙን ፓስፖርት ገለጥ አደረግሁት። የኢትዮጵያ ቪዛው ነጠላ መግቢያ ነው። ቶጎ ውጫሌ ላይ የመውጫ ማኅተም ሲመታበት አልቋል። የረጅሙ ግን ደጋግሞ የሚያስገባ ነው። ሐረር ሳለን የረጅሙን አይቼ፣ አብረው ስለመጡ የሌላውም ያው ይሆናል ብዬ ዘግቼው ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። ሁለት ሰዎችን እንደ አንድ ቆጠርኩ።

መፍትሔ አልጠፋም። መነጽራሙ አዲስ ቪዛ በኢንተርኔት ጠይቆ በአውሮፕላን ቦሌ መግባት ይችላል፤ ቀናት ይፈጃል እንጂ። ይሁንና ሁለቱም የከፈሉበት የሰሜን ኢትዮጵያ ጉዞ ቀኑ ደርሷል፤ አንዳቸው አዲስ አበባ ሄዶ ካላዘዋወረው ገንዘቡ ቀልጦ ይቀራል። መሄድ ያለበት ረጅሙ እንደሆነ ሦስታችንም ገብቶናል። ግን ረጅሙ «ልሂድ» ማለት አፈረ፤ መነጽራሙ «ሂድ» ማለት ከበደው። ይሉኝታ የኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ማታውን ሳይነጋገሩ ተኙ።

በማግስቱ ሾፌራችን ነገሩ ሳይገባው አልቀረም፣ «ምሳ እናቴ ቤት ነው» አለን። ቤታቸው አያሃ ነው። አያሃ በከተማው ዳር ከስደት የተመለሱና የተፈናቀሉ ሰዎች የሰፈሩበት፣ በቁጥር የተከፋፈለ ሰፈር ነው። የቆርቆሮ ቤቶችና የብሎኬት ቤቶች ጎን ለጎን ቆመዋል። ሆዮ (በሶማሊኛ እናት ማለት ነው) ላሆህ የሚባለውን እንጀራና የወተት ሻይ አቀረቡልን፤ የሁለቱን ኩርፊያ አይተው ምን እንደሆኑ ጠየቁኝ። በሶማሊኛ ነገርኳቸው። ሳቁ።

ከዚያ የራሳቸውን መንገድ አወሩን። በግንቦት 1980 ዓ.ም. ሐርጌሳ ላይ ጦርነት ሲነሳ፣ ከተማይቱም ከሰማይ ስትደበደብ (ዛሬ መሐል ከተማ ሐውልቱ ላይ የቆመው ሚግ አውሮፕላን ለዚያ ዘመን ማስታወሻ ነው)፣ ሆዮ ከጎረቤታቸው ጋር ልጆቻቸውን ይዘው በእግር ወደ ኢትዮጵያ ወጡ።

«ከበር ሳንወጣ ተማማልን» አሉ። «እግሯ የዛለባት ትቀመጣለች፤ የበረታችው የሁለታችንንም ልጆች ይዛ ትቀጥላለች። መጠባበቅ የለም።»

«ማን ዛለ?»

«እሷ። የሷንና የኔን አምስት ልጆች ይዤ ሐርታሼክ ገባሁ።»

ሐርታሼክ ያኔ ከዓለም ትልልቅ የስደተኞች መጠለያዎች አንዱ ሆኖ ነበር፤ የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. ነው።

«እሷስ?»

«ከሳምንት በኋላ በሰው ግመል ደረሰች።» በሻይ ብርጭቋቸው ወደ ማዶ አመለከቱ። «ያ ቤቷ ነው። ለምን ጥለሽኝ ሄድሽ ብላኝ አታውቅም።»

ለሁለቱ ተረጎምኩላቸው። ብዙ አልተናገሩም። ማታ ግን ፌስታሉን አልጋ ላይ ዘርግፈው ሽልንጉን ሲካፈሉ፣ ሒሳቡ ሲምታታባቸውም ሲሳሳቁ ሰማሁ። ረጅሙ በማግስቱ ከኔ ጋር ተመለሰ። መነጽራሙ በስድስተኛው ቀን ቦሌ ገባ፤ የሰሜኑም ጉዞ በተዘዋወረው ቀን ሆነ።

በዚህ ሥራ የገባኝ ይህ ነው፤ አብሮ በመሄድ ማንም ይስማማል። የመንገድ ባልንጀራ የሚባለው እንዴት እንደሚለያይ ቀድሞ የተስማማው ነው። ውሃውን፣ ላሆሁን፣ መኪናውን ይካፈሉታል፤ ማኅተሙ ግን የሚያርፈው በየግል ነው።

አሁን ከሐረር ሳንነሳ ሁለቱንም ፓስፖርት ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን እዘረጋለሁ። ከዚያ «አንዳችሁ ቢቀር ሌላው ምን ያደርጋል?» እላለሁ። ብዙዎቹ ይስቃሉ፤ መልሱን ሳይነግሩኝ ግን መኪና አላስነሳም። እናንተም ወደ ጅቡቲም ሆነ ወደ ባንኮክ ከወዳጅ ጋር ስትነሱ ፓስፖርት ተለዋወጡና አንዱ የሌላውን ቪዛ ጮክ ብሎ ያንብብ። ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም።