አምስት ምስክሮች ያልበቁት ቁጥር

4,294,967,297 ላይ ላዩን ሲያዩት ከሌላው ቁጥር የሚለየው ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ1640 ግን በፈረንሳይ የቱሉዝ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበረውና ሒሳብን በፍቅር ያጠና የነበረው ፒየር ደ ፌርማ ይህ ቁጥር ብቸኛ ነው፣ ማለትም ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም ብሎ ገመተ። ግምቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። ከ3 ተነስተን 1 እንቀንስ፤ የቀረውን በራሱ አባዝተን 1 ብንደምር 5 እናገኛለን። በ5ም ላይ ይህንኑ ብናደርግ 17፣ ከዚያ 257፣ ከዚያ 65,537 ይመጣሉ። አምስቱም ብቸኛ ናቸው። ስድስተኛው የኛው ቁጥር ነው፤ እንደ ቀዳሚዎቹ ይሆናል ብሎ ማመን ለማንም አይከብድም። ይሁንና በሒሳብ ምሳሌ ቢደረደር ቢደረደር ማረጋገጫ አይሆንም፤ ይህን እንደዚህ ቁጥር አጥርቶ የሚያሳይ አላውቅም።

በ1732 ሴንት ፒተርስበርግ ይሠራ የነበረው ሌዮናርድ ኦይለር ቁጥሩ የ641 እና የ6,700,417 ብዜት መሆኑን አሳወቀ። ከመልሱ ይልቅ የሚደንቀው በኋላ ያስረዳው መንገድ ነው። የዚህ ቁጥር ብቸኛ አካፋይ ካለ ለ64 ሲካፈል የግድ 1 መትረፍ እንዳለበት አረጋገጠ። ከ641 በታች 115 ብቸኛ ቁጥሮች አሉ፤ ይህን መስፈርት የሚያልፉት ግን 193፣ 257፣ 449 እና 577 ብቻ ናቸው። እነዚህን አራቱን ሞክሮ ላጣ ሰው አምስተኛው 641 ነው። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል! የቁጥሩን ግዝፈት ያሸነፈው የማካፈል ትዕግሥት ሳይሆን የትኛውን መሞከር እንደማያስፈልግ ማወቅ ነው።

ዛሬ ኮምፒውተር ይህን በቅጽበት ስለሚሠራው መንገዱ አርጅቷል የሚል ይኖራል። አላረጀም። የዚሁ ሰንሰለት 34ኛ ቁጥር ከ2.5 ቢሊዮን በላይ አሃዞች አሉት፤ ብቸኛ ይሁን አይሁን እስካሁን አልታወቀም፤ አካፋዩን የሚያስሱት ኮምፒውተሮችም የሚመሩት ከዚያ ወዲህ በተሻሻለው በዚያው መስፈርት ነው። የፌርማ ግምት ከፈረሰ ከንቱ ነበር ማለትም ስህተት ነው። ሳይገምት ማን ይጠይቅ ነበር? ካርል ፍሪድሪክ ጋውስ በ1796 ባለ 17 እኩል ጎን ቅርጽ በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ መሥራት እንደሚቻል ሲያረጋግጥ፣ 17 ከእነዚሁ ቁጥሮች አንዱ መሆኑ የአጋጣሚ ነገር አልነበረም። ከ65,537 ወዲያ በሰንሰለቱ ውስጥ ሌላ ብቸኛ ቁጥር እስካሁን አልተገኘም፤ የለም ብሎ ያረጋገጠም የለም።