ላጲሱን ለልጁ ተዉለት

የካቲት 23 ሲቃረብ አራተኛ ክፍል ውስጥ ሒሳብ ማስተማር ከባድ ነው። አንዱ ጎፈር ከየት እንደሚያመጣ ያስባል፤ ሌላው ከካርቶን የሠራውን ጋሻ ዴስኩ ሥር ደብቆ በየደቂቃው ጎንበስ እያለ ያየዋል። በዓሉ ዘንድሮ ሰኞ ስለሚውል የትምህርት ቤቱ ዝግጅት ዓርብ የካቲት 20 ነው። ክፍለ ጊዜዬን ከበዓሉ ጋር ከምሻማ በዓሉን ወደ ሒሳቡ ላስገባው አልኩና አንዲት የቤት ሥራ ሰጠሁ፤ «የአድዋ ድል ዘንድሮ ስንት ዓመት ይሞላዋል? አሠራሩን አሳዩ።»

በማግስቱ ደብተሩ ሲሰበሰብ አብዛኛው 130 ይላል። ትክክል ነው። ግን ገጹን ወደ መስኮቱ አዘንበል ሳደርገው በብዙዎቹ ላይ ላጲስ የፈተገው ቦታ ይታያል፤ የተጻፈበት አኃዝም የዘጠኝ ዓመት ልጅ እጅ አይመስልም። ደብተር አስከደንኩና ያንኑ ጥያቄ በብጣሽ ወረቀት እንደገና አሠራኋቸው። የልጆቹ ሒሳብ የወጣው ያኔ ነው፤ 1870፣ 138፣ 122።

ለወላጅ ሦስቱም «ተሳስቷል» ናቸው። ለእኔ ግን ሦስቱ አንድ አይደሉም።

1870 የመበደር ችግር ነው። 2018 ሲቀነስ 1888 ለልጅ ክፉ ቁጥር ነው። አንድ ቤት ላይ 8 ከ8 ባዶ፤ እስከዚህ ሰላም ነው። አሥር ቤት ላይ ግን ከ1 ላይ 8 አይነሳም፤ ልበደር ብሎ ወደ መቶ ቤት ሲሄድ እዚያም ዜሮ ተቀምጧል። ልጁ ግራ ሲገባው ገልብጦ ከትልቁ ትንሹን ይቀንሳል፦ 8 ሲቀነስ 1፣ 7፤ 8 ሲቀነስ 0፣ 8። 1870 እንዲህ ይወለዳል።

አንዷን ሰሌዳ ላይ አወጣኋትና ያንኑ ጻፈች። «እንግዲህ አድዋ 1870 ዓመት ሆነው ማለት ነው?» አልኩ። ዝም አለች። ከኋላ ወንበር አንዱ፣ «ቲቸር፣ አጤ ምኒልክ ያኔ ነበሩ እንዴ?» ሲል ክፍሉ በሳቅ አለቀ፤ እሷም ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ ዳስተሩን አንስታ ራሷ አጠፋችው። አሥር ቤት ስትደርስ ቆመች።

«ከመቶ ቤት ልበደር ነበር፤ እሱም የለውም።»

«ታዲያ ያለው ማነው?»

ጠመኔውን ሺህ ቤት ላይ ወዳለው 2 ወሰደችው። 2 ወደ 1 ወረደ፣ ዜሮው 10 ሆነ፤ ከ10ሩ አንድ ለአሥር ቤት ተሰጥቶ 9 ቀረ። 130 መጣ። ይህቺ ልጅ መበደርን ዳግም የምትረሳ አይመስለኝም።

138 እና 122 ከዚህ ይለያሉ። የጻፏቸው ልጆች መቀነሱን አሳምረው ያውቁታል፤ የደባለቁት ዘመን ነው። አንዱ ከስልክ 2026 አይቶ 1888ን ቀነሰበት፤ ሌላው ታላቅ እህቱ የነገረችውን 1896 ከ2018 ላይ አነሳ። ለእነዚህ የመቀነስ መልመጃ ብጨምርላቸው ከንቱ ድካም ነው። ሁለቱን አቆጣጠሮች ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩላቸው፦ 2018 ሲቀነስ 1888፣ 2026 ሲቀነስ 1896። ሁለቱም 130 ሲመጡ መጀመሪያ የተገረመው ራሱ ባለ 138ቱ ነበር። ከዚያ ልዩነቱን አስረዳኋቸው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማገባደጃ ከፈረንጆቹ በ7 ዓመት እናንሳለን፣ የእነሱ አዲስ ዓመት ከገባ በኋላ እስከ ጳጉሜን ደግሞ በ8። የካቲት የሚወድቀው ስምንቱ ውስጥ ነው። ለአራተኛ ክፍል ይበዛል የሚል ባልደረባ አለኝ። አልስማማም፤ ልጆቹ ቤት ውስጥ በሁለቱም ዘመን ሲወራ እየሰሙ ነው የሚያድጉት።

ልጁ ሌሊት ተቀምጦ እያለቀሰ ሲሠራ ማየት እንደሚከብዳችሁ አውቃለሁ። «አምስት ከአምስት ካላመጣ ይከፋዋል» የምትለኝ እናትም እውነቷን ነው። ግን የታረመ የቤት ሥራ እኔ ዘንድ ሲመጣ፣ ትኩሳቱን በማስታገሻ አብርዶ ሐኪም ፊት የሚቀርብ በሽተኛ ማለት ነው። ምኑን እንዳመመው ሳላውቅ ክፍሉን ይዤ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ አልፋለሁ። ሕመሙ የሚወጣው በሰኔ ፈተና ላይ ነው፤ ያኔ ደግሞ ክረምት ደርሷል።

ከበዓሉ በኋላ የምንገባው ወደ መለካት ነው። መጀመሪያ ዴስኩን በስንዝር እናስለካለን፤ የትልቁ ልጅ ስንዝርና የትንሿ ልጅ ስንዝር ሲጣሉ ሜትር ለምን እንዳስፈለገ ራሳቸው ይነግሩኛል። በአካባቢ ሳይንስም የግቢውን ካርታ በእርምጃ እየለኩ ይሥላሉ፤ ከበሩ እስከ ሰንደቅ ዓላማው መስቀያ፣ ከዚያ እስከ ቧንቧው። እባካችሁ ካርታውን ጽሕፈት መሣሪያ ቤት አሠርታችሁ አትላኩ። በቀለም ያበደ፣ በላስቲክ የተሸፈነ ካርታ ግድግዳ ያሳምራል እንጂ ስለ ልጃችሁ አንዳች አይነግረኝም።

ከቤት የምጠይቃችሁ ጥቂት ነው። ለሚቀጥለው ሳምንት ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ሜትር ሲባጎ ላኩ፤ ቆርጦ የሚለካው ግን እሱ ይሁን። ማታ ማታ አጠገቡ ተቀመጡ፣ «ይህን እንዴት አገኘኸው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ሲያስረዳችሁ ራሱ ስህተቱን ካገኘው እሰየው፣ ይደልዘው። ካላገኘው እንዳለ ላኩልኝ። ማረሙ የእኔ ሥራ ነው፤ ደመወዝ የሚከፈለኝም ለእሱ ነው።