ከይፋግ የተነሣው መሰላል

ማታ ነው። የቅኔ ተማሪው ለምዱን ደርቦ ከጎጆው ደጅ ወዲያና ወዲህ ይላል። «ቀተለ ገደለ፤ ይቀትል ይገድላል፤ ይቅትል ይገድል ዘንድ፤ ይቅትል ይግደል።» አንዱን ግስ ሲጨርስ ሌላውን ያነሣል። በእጁ መጽሐፍ የለም፤ ስለዚህ መብራትም አላሻውም። የሚያጠናው ሰዋስው ነው። ሰዋስው በግእዝ መሰላል ማለት ነው። ተማሪው ከግስ ወደ ቅኔ፣ ከቅኔ ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ የሚወጣው በዚሁ መሰላል ነው።

የደቡብ ጎንደር ደጋ ለእንዲህ ያለው ትምህርት አዲስ አይደለም። ድጓ የሚያስመሰክር ጋይንት ቤተልሔም ይሄዳል፤ ዝማሬና መዋሥዕት የሚፈልግ ዙር አምባን ይጠይቃል። እኔ ግን እዚህ ማስተዋወቅ የምፈልገው ሰዋስውን ነው፤ ምክንያቱም ዛሬ የምናነበው የአማርኛ ጽሑፍ ካደገባቸው ቤቶች አንዱ እሱ ነው።

ግስ ስምንት አርእስት አሉት፦ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ገብረ፣ አእመረ፣ ባረከ፣ ሤመ፣ ብህለ፣ ቆመ። የቀሩት ግሶች ሠራዊት ይባላሉ፤ እያንዳንዳቸውም ከአርእስቱ በአንዱ ቤት ያድራሉ። «ፈጠረ» እና «ፈጸመ» ላልለመደው ጆሮ አንድ ቤት ያደጉ ይመስላሉ። ሲረቡ ግን ይለያያሉ፦ የመጀመሪያው «ይፈጥር» ብሎ ከቀተለ ጋር ይሄዳል፣ ሁለተኛው «ይፌጽም» ብሎ ቀደሰን ይከተላል። ተማሪው «ይፈጽም» ብሎ ቢስት መምህሩ ወዲያው ይመልሱታል። ግሱን ከያዘ በኋላ ቅኔ መቁጠር ይጀምራል። በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይነሣና ዘአምላኪየን፣ ሚበዝኁን፣ ሌሎቹንም እያለፈ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። ትናንት የተነገረ ቅኔ ለዛሬ አይሆንም፤ ተማሪው ሁልጊዜ አዲስ መቁጠር አለበት። እንዲህ የሰለጠነ ጆሮ አንዲት ቃል ያለቦታዋ ስትገባ ያውቃታል፤ ለስድ ንባብ ጸሐፊም ከዚህ የበለጠ ስንቅ አላውቅም።

አሁን አማርኛ በጽሑፍ ወዳደገበት ዘመን እንምጣ። አፄ ቴዎድሮስ መቀመጫቸውን ደብረ ታቦር አድርገው፣ በአጠገቧ በጋፋት መድፍ እያሠሩ፣ ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ እንዳጣና ነገሩ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ እንዳለቀ ሁሉም ያውቀዋል። ብዙ ያልተወራለት ሌላ ነገር አለ። የነገሥታት ዜና መዋዕል በግእዝ ይጻፍ በነበረበት አገር የእኚህን ንጉሥ ታሪክ ደብተራ ዘነብ በአማርኛ ጻፉት። የታተመው ግን ዘግይቶ፣ ቪክቶሪያ በሞተች በዓመቱ በፈረንጆች 1902፣ በአሜሪካ ፕሪንስተን ነው፤ አሳታሚው ጀርመናዊው ሊቅ ኤኖ ሊትማን ነበር።

በቴዎድሮስ ዘመን፣ በዚሁ በደቡብ ጎንደር፣ የአሞሌ ጨው ይሸጥባት በነበረች ዝነኛ የገበያ ከተማ በይፋግ፣ አንድ ልጅ ተወለደ፦ ኋላ አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም የተባሉት። ልጅ ሳሉ ወደ ምጽዋ ወርደው በአጠገቧ በምንኩሉ ከስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ገቡ፤ ግእዙንና ቅኔውንም ከአገራቸው ሊቃውንት ተማሩ። ሚስዮኑ ማተሚያ ነበረው፤ አናሲሞስ ነሲብ በኦሮምኛ የተረጎሙት አዲስ ኪዳን በ1893 በፈረንጆች የታተመው እዚያው ነው። የታዬም «መጽሐፈ ሰዋስው» በ1889 ዓ.ም. ከዚያው ማተሚያ ወጣ።

የግእዝ ሰዋስው በብራና ቀድሞም ተጽፏል። ቢሆንም የብራናው ቅጂ ከመምህሩ እጅ ብዙም አይርቅም፤ ተማሪው በእግሩ ሄዶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ለምኖ፣ ከመምህሩ አፍ መቀበል ነበረበት። በምንኩሉ የታተመው መጽሐፍ ግን ሰዋስውን በአማርኛ የሚያብራራ፣ መምህር በሌለበት ቤትም ሊገለጥ የሚችል ነው። ለእኔ ታላቁ ለውጥ ይህ ነው። በቃል ይወረድ የነበረው እርባታ በወረቀት ላይ በዓይን ታየ፤ አማርኛም ከጨዋታና ከደብዳቤ አልፎ የትምህርት ማብራሪያ ቋንቋ ሆነ።

አፄ ምኒልክ ታዬን በፈረንጆች 1905 በርሊን ላኳቸው፤ በዚያ በምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት አማርኛ አስተማሩ። በእነዚያው ዓመታት ከጣና ማዶ የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በኢጣሊያ አማርኛ ያስተምሩ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ ያሳተሙት የፈጠራ ታሪክ መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» ይባላል፤ ዛሬ ይህን የጽሑፍ ዓይነት ሁሉ ልብ ወለድ የምንለው ከዚያ ወዲህ ነው።

አለቃ ታዬ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በሃይማኖታቸው ምክንያት ብዙ ተንገላቱ። በ1914 ዓ.ም. አስመራ ላይ ሌላ መጽሐፋቸው ታተመ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም አረፉ። በነገሥታት ስም ዜና መዋዕል ሲጻፍበት በኖረ አገር የዚህ መጽሐፍ ርእስ «የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ» የሚል ነው።