ከገዳም በላይ የተሠራ ቤት

በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በዊልትሸር የሚገኘውን ላኮክ አቢን ከሩቅ ያየ ሰው ‹የባላባት ቤት ነው› ብሎ ያልፋል። ምድር ቤቱ ግን ዛሬም ገዳም ነው።

ገዳሙን ኤላ የምትባል የሶልስበሪ ባላባት ባሏ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1232 መሠረተችው፤ ቆይታም ራሷ መንኩሳ እመ ምኔት ሆነች። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ገዳማትን ሲዘጋ የላኮክ ተራ በ1539 ደረሰ፤ ንብረቱንም ዊልያም ሻሪንግተን የሚባል የቤተ መንግሥት ሰው ገዛው።

ሻሪንግተን ቤተ ክርስቲያኑን አፈረሰ፤ የሰሜን ግድግዳውን ግን አስቀርቶ የመኖሪያ ቤቱ ደቡባዊ ፊት አደረገው። የመነኮሳቱን ክፍሎች ከነድንጋይ ቅስቶቻቸው እንዳሉ ትቶ ራሱ ፎቁ ላይ ኖረ። ለቅርስ ተቆርቁሮ አይመስለኝም፤ የቆመ ግድግዳ ወጪ ይቆጥባል። በማዕዘኑ ላይ ስምንት ጎን ያለው ማማ ጨመረ። የማማው መካከለኛ ክፍል የከበረ ዕቃ ማስቀመጫ ነው፤ በውስጡም ቁጢጥ ያሉ የድንጋይ ምስሎች የተሸከሙት የድንጋይ ጠረጴዛ አለ። ወደ ላይኛው ክፍል የሚደረሰው በጣሪያው ላይ በእግር ተሂዶ ነው። ሰውየው በብሪስቶል የሳንቲም ማምረቻ ሹም ሳለ ሲያጭበረብር በ1549 ተይዞ ነበር (በኋላ ምሕረት አግኝቷል)፤ ጠንካራ ግምጃ ቤት መፈለጉ አይገርምም።

ቤቱ በጋብቻ ለታልቦት ቤተሰብ ደረሰ። በ1750ዎቹ ጆን አይቮሪ ታልቦት አርክቴክቱን ሳንደርሰን ሚለርን አስመጥቶ አዲስ አዳራሽ በጎቲክ ስልት አሠራ። እውነተኛው የመካከለኛው ዘመን ሥራ እዚያው ግቢ ቆሞ ሳለ አስመስሎ ማሠራቱ ትንሽ ያስቃል። አዳራሹ ግን ያምራል፤ ጣሪያው በባለቤቱ ወዳጆች የጋሻ ዓርማዎች ያሸበረቀ ነው፣ በግድግዳዎቹ ጉድጓዶች ውስጥም የሸክላ ምስሎች ቆመዋል።

ትልቁን ዝና ያመጣው ለውጥ ግን ትንሹ ነው። ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት ከ1827 ጀምሮ በደቡቡ ፊት ላይ ወደ ውጭ ወጣ ያሉ መስኮቶች አሠራ፤ ያ ግድግዳ የፈረሰው ቤተ ክርስቲያን ቅሪት ነው። በነሐሴ 1835 በጨውና በብር ውህድ የተቀባ ወረቀት ትንሽ የእንጨት ሳጥን ውስጥ አስገብቶ ከመስኮቶቹ አንዱ ላይ አነጣጠረ። ብርሃን የገባበት ጠቆረ፣ ጥላው ነጭ ቀረ። ወረቀቱ ጣት የምታህል ብትሆንም፣ መጀመሪያ ሲያወጣት ወደ 200 የሚጠጉት ትናንሽ መስተዋቶች በማጉያ መነጽር ሊቆጠሩ ይችሉ እንደነበር ታልቦት ጽፏል። እስከ ዛሬ ከቆዩት የፎቶግራፍ ኔጋቲቮች ሁሉ ቀዳሚዋ እሷ ናት።

ማቲልዳ ታልቦት በ1944 ቤቱንና መንደሩን ናሽናል ትረስት ለተባለው የቅርስ ጠባቂ ድርጅት ሰጠች። ከዚያ ወዲህ የሃሪ ፖተር ፊልም ሠሪዎች መጥተው ጎብኚዎችን አብዝተዋል፤ የመረጡትም የታልቦቶችን ሳሎን ሳይሆን ምድር ቤቱን ነው። መነኮሳቱ እሳት ይሞቁበት የነበረው ክፍል በፊልሙ የአስማት መማሪያ ሆኗል።